የሰርግ ካሴት ተገልብጦ ይጣል ወይስ ይቀመጥ? (41 መልስ)

ጥያቄውን የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ቤታችን ጎንደር ነው፣ አራዳ አካባቢ። የእናትና የአባቴ ሰርግ በቪዲዮ ካሴት አለ። የእኛ የልጆቹ ክርስትና፣ የአያታችን የመጨረሻ ጥምቀት፣ የዘመድ መልስና ቅልቅል፣ ሁሉም ካሴት ላይ ነው። ዴካችን ከሞተ ቆይቷል። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ለአንድ ቤት ሰጥተን ወደ ፍላሽ አስገለበጥነው። መጣ፣ ከፈትነው። ሰዉ ቆሞ ሲያጨበጭብ ደህና ነው፤ እስክስታ ሲጀመር ግን ትከሻው ሁሉ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። ጥያቄዬ ሁለት ነበር። ይሄ የካሴቱ ጥፋት ነው የገልባጩ? ደግሞስ አሁን ፍላሽ ላይ ስላለ ካሴቶቹን ብንጥላቸው ምን ይጎድልብናል? እናቴ እንዲነኩባት አትፈልግም። እህቴ ሳጥኑ የጫማ ቦታ ይዞብኛል ባይ ናት። እኔ መሀል ነኝ።

መልሱ ጎረፈ። የውይይቱ ክር ስለረዘመ ሰው ከመሀል እየገባ የተመለሰውን ጥያቄ እንደገና እየጠየቀ ነው። ስለዚህ ከላይ ጀምሬ የተባለውን ልንገራችሁ። የማይረባውን እዘላለሁ። ዓ.ም. ካላልኩ ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው።

1ኛው መላሽ ጨዋ ልጅ ነው። ሰላምታውን አስቀድሞ፣ ካሴት ዘመኑ ያለፈ ነገር እንደሆነና ፍላሹን ቴሌግራም ላይ ጭኖ ማስቀመጥ እንደሚበቃ ጻፈ። 2ኛዋም ተስማማች። እነሱ ቤት ሁሉም ተገልብጦ ካሴቱ ከተጣለ ቆይቷል፤ ምንም አልጎደለባቸውም። ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፣ 3ኛው መልስ ባይመጣ።

3ኛው መላሽ አዘዞ የሚኖሩ ጋሼ ናቸው። ከደርግ ጊዜ ጀምሮ ቴሌቪዥንና ዴክ ሲጠግኑ የኖሩ፣ እዚህ መድረክ ላይ ሁሉም አንቱ የሚላቸው። መልሳቸውን የጀመሩት ከትከሻው ነው። ካሴቱ ምንም አልሆነም። ካሴት ላይ ያለው ምስል ሙሉ ፎቶ በሙሉ ፎቶ ላይ እየተከተለ የተቀረጸ አይደለም። እኛ የምንጠቀምበት ፓል የሚባለው የቴሌቪዥን ሥርዓት በሰከንድ 50 ግማሽ ምስል ነው የሚያሳየው። መጀመሪያ 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ እያለ የሚሄዱት መስመሮች ይመጣሉ፣ ቀጥሎ 2ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛው። በሁለቱ ግማሾች መሀል ትንሽ ጊዜ አለ፣ የሰከንድ አንድ ሃምሳኛ። ቆሞ ለሚያጨበጭብ ሰው ምንም አይደለም። የጎንደር ትከሻ ግን በዚያች ጊዜ ውስጥ ቦታ ቀይሯል። የድሮው ቴሌቪዥን አንዱን ግማሽ አሳይቶ ሌላውን ያስከትላል፣ ዓይናችንም ራሱ ያገናኘዋል። ኮምፒውተር ግን ሁለቱን ግማሽ አንድ ፎቶ አድርጎ ሲደርባቸው ትከሻው ሁለት ቦታ ይታያል፣ አንዱ በአንዱ መስመር መሀል እየገባ። ማበጠሪያው ይሄ ነው።

ዘዴውን ያወጣው ሰው ሞኝ እንዳልነበረም አስረዱ። የጀርመኑ ቴሌፉንከን ባልደረባ ፍሪትዝ ሽሮተር በ1930 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። አሜሪካ ውስጥም የአርሲኤው ራንዳል ባላርድ ብዙ ሳይቆይ እዚያው ደርሷል። በሰከንድ 50 ሙሉ ምስል በአየር መላክ ያኔ አይቻልም። 25 ብቻ ከላኩ ደግሞ የቴሌቪዥኑ መስታወት ይብለጨለጫል፣ ዓይን ያማል። ግማሽ ግማሹን መላክ ሁለቱንም ያስታረቀ ነገር ነበር። ችግሩ የመጣው ያ መስታወት ከቤታችን ሲወጣ ነው።

5ኛው መላሽ የሰርግ ቪዲዮ አንሺ ነው፣ ተቆጥቶ ነው የገባው። ገልባጩን ሰው ሁሉ ይወቅሳል፣ ግን ደንበኛው የሚከፍለው ስንት ነው ነው ነገሩ። አንድ የ3 ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ 3 ሰዓት ቁጭ ማለት ይጠይቃል፣ አቋራጭ የለውም። መሀል ላይ መብራት ከሄደ እንደገና ሀ ብሎ መጀመር ነው። በዚያ ላይ ሰው የሚመጣው ለነገ ይድረስልኝ እያለ። እውነቱን ነው፣ ይሄን ማንም አልካደበትም።

6 ላይ ጋሼ ተመልሰው መፍትሔውን ነገሩን። ትክክለኛው አሠራር እያንዳንዱን ግማሽ ምስል ለብቻው ሙሉ አድርጎ ቪዲዮውን በሰከንድ 50 ማድረግ ነው። ያኔ እስክስታው እንደድሮው ይፈስሳል። ሰነፉ አሠራር ደግሞ አንዱን ግማሽ አውጥቶ መጣል ነው። ማበጠሪያው ይጠፋል፣ ግን ካሴቱ ላይ የነበረው እንቅስቃሴ ግማሹ አብሮ ይጠፋል። ቀጥሎ ያሉት ነገር ክሩን አጋለው። ቪሲዲ፣ ያ ከዲቪዲ በፊት የነበረው የቪዲዮ ሲዲ፣ ከጥንቱም የሚሠራው እንዲህ ነው። የፓል ምስል 576 መስመር ሲሆን ቪሲዲ የሚይዘው 352 በ288 ብቻ ነው። ስለዚህ ያኔ ወደ ቪሲዲ አስገልብጦ ካሴቱን የጣለ ሰው ግማሹን ነው የጣለው። 2ኛዋ መላሽ ቤታቸው የተገለበጠው በቪሲዲ እንደነበር ያኔ ጻፈች። ከዚያ ጥቂት ዝም አለች።

7ኛው ፍላት ቴሌቪዥን የገዛ ሰው ነው። ሰርጉ በድሮው ሶኒ ሲያምር በአዲሱ ለምን ጭቃ እንደሚመስል ግራ ገብቶታል። መልሱ በቁጥር ቀላል ነው። ዲጂታል የተደረገ የፓል ምስል 720 በ576 ነጥብ ነው፤ ፎርኬ የሚባለው ቴሌቪዥን 3840 በ2160። ብታባዙት አዲሱ መስታወት በትክክል 20 እጥፍ ነጥብ አለው። አንዷን ነጥብ 20 አድርጎ መሙላት አለበት፣ 19ኙን ከየትም አያመጣም፣ ይገምታል። በዚያ ላይ ካሴቱ እነዚያን 720 ነጥቦች እንኳ በቅጡ አይሞላም።

ከ8 እስከ 11 ፋሲል ከነማ ነው። አንዱ የ2013 ዓ.ም. ዋንጫ ጊዜ በስልኩ የቀረጸው እንደጠፋበት አነሳ፣ ከዚያ ማን ጎል አገባ፣ ማን ሳተ። ዘልያቸዋለሁ፣ ራሳችሁ አንብቡ።

11 መጨረሻ ላይ ግን የቪዲዮ ካሴትን የፈጠሩት ጃፓኖች እንደሆኑ አንድ ሰው በእርግጠኝነት ጽፎ ነበር። 12ኛዋ ዩኒቨርሲቲ ኤሌክትሪካል የምታስተምር እህታችን ናት፣ አልለቀቀችውም። ጃፓኖች ካሴቱን ቤት አስገቡት፤ ሶኒ በ1975 ቤታማክስን፣ ጄቪሲ በ1976 ቪኤችኤስን አወጣ። ቪዲዮን በቴፕ መቅዳት ግን የአሜሪካው አምፔክስ ሥራ ነው፣ 1956፣ በቻርልስ ጊንስበርግ የሚመራ ቡድን። በድምፅ ሥራ ስሙን የምናውቀው ሬይ ዶልቢ ያኔ ወጣት ሆኖ እዚያ ቡድን ውስጥ ነበር።

ይሄኛውን መልስ ሙሉውን አንብቡት፣ ከክሩ ሁሉ የወደድኩት እሱን ነው። ድምፅ ለመቅዳት ቴፕ ቀስ እያለ ቢሄድ ይበቃል። ምስል ግን በሰከንድ ውስጥ የሚሸከመው ነገር ብዙ ነው፣ ቴፑ መብረር አለበት። እንግሊዞቹ ቢቢሲ ውስጥ በዚያ መንገድ ሞከሩ። ቬራ ያሉት ማሽን ቴፑን በሰከንድ 5 ሜትር ያህል ያስሮጠዋል፤ ያን የሚያህል ጥቅል 15 ደቂቃ ብቻ ይይዛል። የአምፔክስ ሰዎች ነገሩን ገለበጡት። ቴፑ ቀስ ይበል፣ የሚያነበው ሄድ ይሽከርከር። በቤታችን ዴክ ውስጥ ያለችው የምታብረቀርቅ ከበሮ ያች ናት። በፓል ዴክ በሰከንድ 25 ጊዜ ትዞራለች። ቴፑ በሰከንድ 2.3 ሴንቲ ሜትር ብቻ እየተሳበ ሄዱ ግን በላዩ ላይ በሰከንድ 4.8 ሜትር ገደማ ይሮጣል። ከ200 እጥፍ በላይ ነው። ቴፑ ከበሮዋ ላይ ዘመም ብሎ ስለሚጠመጠም እያንዳንዱ ግማሽ ምስል አንድ ዘንበል ያለ መስመር ሆኖ ይጻፋል። ዴክ እያየ ያደገ ሰው ሆኜ ይህን አላውቅም ነበር፣ እዚህ ያለነው አብዛኞቻችን የምናውቅ አይመስለኝም።

13ኛው፣ ጃፓኖች ፈጠሩት ብሎ የነበረው ሰው፣ አመስግኖ ተቀበለ። እንዲህ ያለ ጨዋነት ኋላ ላይ ጠፍቷል።

14 የጋሼ ምክር ነው፣ ካሴት ያላችሁ ሁሉ ያዙት። ክረምት ካለፈ በኋላ ካሴቱን በራሱ ላይ ባለችው መስኮት በኩል እዩት። ጥቅሉ ዳር ላይ ነጭ ነጭ ነገር ካለ ሻጋታ ነው። ዴክ ውስጥ አታስገቡት። ሄዱን ይበክላል፣ ቀጥሎ የሚገባውን ንጹሕ ካሴትም ይበክላል። ሄድ በጥጥ አይጸዳም፣ የጥጡ ክር ሄዱን ይዞ ይሰብረዋል። በአልኮል የራሰ ለስላሳ ቆዳ ይዞ ከበሮዋን ማዞር ነው እንጂ ወደ ላይና ወደ ታች መፈተግ ክልክል ነው። ካሴት በጀርባው አይተኛም፣ እንደ መጽሐፍ ይቆማል። ድምፅ ማጉያ አጠገብ አይቀመጥም፣ ማግኔት ስላለበት።

15ኛው መላሽ አንድ ነገር ብቻ ጨመረ፣ ግን ለእኔ ከሁሉ የከበደው እሱ ነው። ፉናይ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ በ2016 ዴክ መሥራት አቁሟል፣ የመጨረሻው አምራች እሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ አዲስ ዴክ የለም። ሁላችንም የምንጨቃጨቀው ካሴቱ ስንት ዓመት ይቆያል እያልን ነው። ካሴቱማ በደንብ ከተያዘ ገና ይቆያል። የሚያልቀው ዴኩ ነው፣ ዴክ የሚጠግኑ እንደ ጋሼ ያሉ ሰዎችም። ስለዚህ ይጣል ወይስ ይቀመጥ የሚለው የራሴ ጥያቄ እዚህ ላይ ትንሽ ተራ ነገር መሰለኝ። ይልቅ ደህና ዴክ እያለ ደህና አድርጎ መገልበጥ ይቅደም።

16 ላይ አንዲት እናት ከዋሽንግተን የእህታቸው ልጅ ሰርግ ካሴት ተልኮላቸው እዚህ ዴክ ውስጥ ሲያስገቡት ምስሉ እየተንከባለለ፣ ቀለሙም ጠፍቶ፣ ሙሽራዋን ሳያዩ እንደቀሩ ጻፉ። ሰው ሁሉ ካሴቱ መንገድ ላይ ተበላሽቷል ብሏቸው ኖሯል። አልተበላሸም። የአሜሪካ ካሴት ኤንቲኤስሲ በሚባለው ሥርዓት ነው፣ 525 መስመር፣ በሰከንድ 60 ገደማ ግማሽ ምስል፤ የእኛ ፓል 625 መስመርና 50 ነው። ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ ያስፈልጋል። ካሴቱ አሁንም አላቸው! 17 እና 18 ላይ ዴክ ፈልጎ ለማሳየት ቃል የገባላቸው ሰው ተገኘ።

ከዚያ ወሬው ወደ ድሮ ቴሌቪዥን ሄደ። ፓልን የፈጠረው የቴሌፉንከኑ ዋልተር ብሩህ ነው፤ ጀርመኖች በ1967 በእሱ የቀለም ስርጭት ጀመሩ። የእኛው አገር ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. በጥቁርና ነጭ ተጀምሮ ቀለም ያየው አብዮቱ 10ኛ ዓመቱን ሲያከብር ነው። ጋሼ በዚያ ጊዜ ቀለሙን ለማየት ሰው እንዴት ቤት ለቤት ይሄድ እንደነበር አጫወቱን።

19 ላይ የቪሲዲዋ እህት ተመለሰች፣ ተቆጥታ። ያኔ ማንም እንዳልነገራቸው፣ አሁን ሁሉም አዋቂ ሆኖ መውቀሱ ምን እንደሚጠቅማት ጠየቀች። ቪዲዮ አንሺው በ20 ስስታም ደንበኛ የሚገባውን እንዳገኘ አድርጎ ጻፈባት። ይሄ ነውር ነው፣ እዚያው ነግሬዋለሁ። 21 እና 22 ተሰረዙ። 23 የመድረኩ ተቆጣጣሪ ማስጠንቀቂያ ነው።

24 ላይ አንድ ተማሪ ፍላሽ ላይ ያለው ቪዲዮ ለምን አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን እንደሚሆን ጠየቀ። አስተማሪዋ ናት የመለሰችው። በ1972 ናሲር አህመድ የሚባል ሕንድ የተወለደ መሐንዲስ፣ አሜሪካ ካንሳስ እያስተማረ፣ ምስልን በትንሽ ቁጥር የሚገልጽ ስሌት አሰበ። ለጥናቱ ገንዘብ ጠየቀ፣ ከለከሉት። ሐሳቡ በጣም ቀላል ነው ተባለ። በቀጣዩ ክረምት ያለ ደመወዝ ሠራው፣ በ1974 ከናታራጃንና ከራኦ ጋር አሳተመው። ዛሬ የስልካችን ፎቶ፣ ቪሲዲው፣ ዲቪዲው፣ ዲሹ፣ ሁሉም በእሱ ስሌት ወይም ከእሱ በተወለዱ ስሌቶች ይሠራል። ምስሉ በትንንሽ ማዕዘኖች ይከፈላል፣ በየማዕዘኑ ዓይን ብዙ የማያስተውለው ዝርዝር ይጣላል። ለፊት ይሠራል፣ ለግድግዳ ይሠራል። 25ኛው መላሽ የማይሠራበትን ነገረን። በጥምቀት ፋሲል መዋኛ ውኃው ሲረጭና ሺህ ነጭ ነጠላ አንድ ላይ ሲንቀሳቀስ የሚጣል ዝርዝር የለም፣ ሁሉም ነገር ዝርዝር ነው። ቦታ ካነሰው ቪዲዮው ይፈራርሳል። የአያታችን ጥምቀት ለምን እንደዚያ እንደሆነ ያኔ ገባኝ።

26 ስለ ፋይል መጠን ነው። ዲቪ በሚባለው ዓይነት አንድ ሰዓት 13 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። ምንም ሳይጨመቅ ከሆነ 75። ገልባጮቹ ለእኛ የሚሰጡን ብዙ ጊዜ ከ2 አይበልጥም። ቴሌግራም ላይ እንደ ቪዲዮ ከተላከ ደግሞ እንደገና ይጨመቃል፤ እንደ ፋይል ነው መላክ ያለበት፣ ያውም እስከ 2 ጊጋ። 1ኛው መላሽ ይህን አንብቦ ምክሩን ሻረ።

27 መንገድ ላይ ስለሚሸጠው 2 ቴራ ፍላሽ ነው። ውስጡ ትንሽ ሆኖ ለኮምፒውተሩ ትልቅ ነኝ የሚል ፍላሽ አለ፤ ሲሞላ ዝም ብሎ የቀደመውን ይበላል። ሰርግ ከመጫናችሁ በፊት እስከ አፉ ሙሉትና ከፍታችሁ እዩት። 28ኛው ደግሞ ደህናውም ፍላሽ ቢሆን ለዘላለም እንዳልሆነ አስታወሰ። የቶሺባው ፉጂዮ ማሱኦካ በ1980ዎቹ ሲፈጥረው መረጃው የሚቀመጠው ታፍኖ በተያዘ ኤሌክትሪክ ነው፣ ያ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ለዓመታት ሲረሳ ቀስ እያለ ያመልጣል። ሃርድ ዲስክ ይሻላል፣ እሱም ሁለት፣ አንዱ ሌላ ቤት። 29 እና 30 ስለ ዋጋ ማማረር ነው።

31ኛው መላሽ ልጅ ነው፣ ይህን ሁሉ ሳያነብ የገባ። ኤአይ ባለበት ዘመን ስለ መስመርና ስለ ዴክ መጨነቅ የሽማግሌ ሥራ መሆኑን፣ የቪሲዲውን ምስል እንኳ ሰጥቶት ፎርኬ እንደሚያደርገው፣ የአያቱን ቪዲዮ ሠርቶ ቤተሰቡን እንዳስለቀሰ ጻፈ። ማስረጃውንም ለጠፈ፣ የበፊቱንና የኋላውን። 32 ጭብጨባ ነው። እውነትም መጀመሪያ ሲያዩት ያምራል።

33 ላይ የዋሽንግተኗ ካሴት ባለቤት እናት ሁለቱን ምስል አስተያይተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት። የአያቱ ንቅሳት የት ሄደ? በበፊቱ ምስል አንገታቸው ላይ ደብዛዛ የንቅሳት መስመሮች አሉ። በኋላው አንገታቸው ንጹሕ ነው። ማሽኑ ንቅሳቱን የካሴት ቆሻሻ አድርጎት ጠርጎታል። የተነቀሰው ድዳቸውም ሮዝ ሆኗል፣ ጥርሳቸው እንደ ማስታወቂያ ነጭ። ሴትዮዋ ያምራሉ፣ ግን ማንም አያውቃቸውም።

ልጁ በ34 ተናደደ፣ የሰው ልፋት ማድነቅ እንደማንችል ነገረን። ጋሼ በ35 ከወትሮው መረር ብለው መለሱለት። ሠርተህ አሳይ፣ ግን የሠራኸውን እንደ እውነተኛው አድርገህ አታስቀምጥ፤ ዋናው የት ነው፣ አሁንም አለህ ወይ የሚል ነበር ይዘቱ። ልጁ በ36 ዋናው እንደተጣለ አመነ። ፍርዴን ልስጥ ካላችሁ ልጁ ክፉ አይደለም። ኤአይም ለማየት ያህል ደህና ነው። ግን ያችን አያት መልሶ ለመሥራት አሁን ያለው የደበዘዘው ቪሲዲ ብቻ ነው፣ እሱን እንኳ ይያዝ። 37 ላይ የቪሲዲዋ እህት የእሷንም ዲስኮች ሳይቧጨሩ ሃርድ ዲስክ ላይ እንዲያወርድላት ጠየቀችው፣ ተስማማ። ከጠብ የወጣ ብቸኛ ጥሩ ነገር።

38 ላይ ጋሼ የእኛን ካሴቶች ራሳቸው እንደሚገለብጡ ነገሩኝ። የሚሠራ ዴክ አላቸው። ምስሉ እንዳይንቀጠቀጥና ድምፁ ከአፍ እንዳይቀድም በመሀል የሚያስገቡት የድሮ የዲቪዲ መቅጃ አላቸው፤ አንዳንዶቹ የቴፑን መዛነፍ ያቃናሉ። 39 ላይ ቪዲዮ አንሺው በስንት ብር እንደሆነ ጠየቀ፣ ገበያውን እንዳያበላሹበት ይመስለኛል። ጋሼ አልመለሱለትም። ካሴቶቹን አዘዞ አደርሳለሁ፣ ሲገለበጡም ወደ ሳጥናቸው ይመለሳሉ። እህቴ ለጫማዋ ሌላ ቦታ ትፈልግ።

40 ማራኪ አካባቢ ዲሽ የሚያስተካክል ሰው አለ ወይ የሚል ነው። 41ኛው አለ ብሎ ወደ ውስጥ መስመር ወሰደው።